ቅጠሉን ገልብጡት፦ የቤት ውስጥ አበባ ተባይን ያለ መርዝ ማጥፋት

አበባ ሲጠወልግ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውሃ መጨመር ነው። በዚያ ካልተሻለው የበረሮ መግደያውን አንስቶ ይነፋበታል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሱታል። ከምንም በፊት ቅጠሉን ገልብጡትና ከሥር እዩት። አብዛኛው ተባይ የሚኖረው፣ የሚበላው፣ የሚፈለፍለውም እዚያ ነው። ከላይ የምናየው ቢጫ ነጥብ፣ የተጨማደደ ጫፍ፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ነገር፣ ሁሉም ከሥር የተሠራው ሥራ ውጤት ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ቢሆንም መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በደንብ ይገባበታል። ፖቶስ፣ ሞንስቴራ፣ ፊከስ፣ ክሮቶንና አንድ የሎሚ ችግኝ አለኝ። በረንዳው ላይ ደግሞ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ። ጤና አዳሙ ቡና ስኒ ውስጥ ይገባል። የጥብስ ቅጠሉ መጥበሻ ላይ ይወጣል። ልጆች ቅጠል ነክተው በዚያው እጃቸው ዳቦ ይበላሉ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ መርዝ አልረጭም። በተለይ በየገበያው በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ስም እንኳ ሳይጻፍበት የሚሸጠው ነገር በሬን አያልፍም። ማላታይን ነው ይሏችኋል፤ ስንት እጥፍ መበጥበጥ እንዳለበት ግን የሚነግራችሁ የለም። ለእርሻ የተዘጋጀ መርዝ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋና ምንጣፍ ባለበት ቤት የሚረጭ አይደለም። የበረሮ መግደያም ቢሆን ለበረሮ እንጂ ለቅጠል አልተሠራም፤ ውስጡ ያለው ማሟሚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ያለ መርዝ ማሸነፍ ይቻላል። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ አንድ ጊዜ ታጥቦ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ሳሙናውም፣ ውሃውም፣ አልኮሉም የሚገድሉት በዚያ ሰዓት ያገኙትን ነው። እንቁላሉ ይተርፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ይፈለፈላል፣ እኛም “ሳሙና አይሠራም” ብለን እናማርራለን። ሳሙናው ሠርቷል፤ ያልተሠራው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ነው።

ቀይ ሸረሪት

ክረምቱ ወጥቶ ከጥቅምት አንስቶ የአዲስ አበባ አየር ይደርቃል። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ መስኮት ዳር ያለው አበባ ይሞቃል፣ አቧራም ይለብሳል። ቀይ ሸረሪት የሚወደው ይህንኑ ነው። እግሩ ስምንት ስለሆነ ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ የሸረሪት ዘመድ ነው። ዝንብ ግን አያድንም፣ የቅጠሉን ጭማቂ ነው የሚመጠው። መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደህና ዓይን ያለው ሰው እንኳ የሚያየው የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ነው።

ምልክቱን ግን ማንም ያየዋል። ቅጠሉ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ፈዛዛ ነጥብ ይበዛል። ከዚያ ቅጠሉ በሙሉ ይገረጣል። ሲብስበት ቅጠሉና ግንዱ በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ድር ይታያል። ድር እስክታዩ ከጠበቃችሁ ግን ዘግይታችኋል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር እይዝና ቅርንጫፉን ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደርጋለሁ። ወረቀቱ ላይ አቧራ ይወድቃል። መስኮት ዳር ይዤው ትንሽ እጠብቃለሁ። አቧራ አይራመድም። ከነጥቦቹ አንዷ መሄድ ከጀመረች ሥራ አለ ማለት ነው። ዓይናችሁ ካላገዛችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና አሳድጉት።

የመጀመሪያው መድኃኒት ተራ ውሃ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። አበባውን ሻወር ቤት አስገቡት። አፈሩ እንዳይታጠብ የፖቱን አፍ በፕላስቲክ ሸፍኑና በግንዱ ዙሪያ እሰሩት። ከዚያ ፖቱን አዘንብላችሁ የቅጠሉን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቡት፤ በእጃችሁም እያንዳንዱን ቅጠል ከሥር አሹት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ባልዲ ይበቃል። ትንሽ ፖት ከሆነ አፈሩን በደንብ ሸፍናችሁ ወደታች ገልብጡትና ቅጠሉን ባልዲው ውስጥ አላቁጡት። ውሃውን ለሽንት ቤት ትጠቀሙበታላችሁ፣ አይባክንም።

ከዚያ ሳሙና። ስለ ሳሙናው ከታች በሰፊው እነግራችኋለሁ፤ አሁን ስለ ቀጠሮው ልጨርስ። ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቀይ ሸረሪት ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል ወደ መጣል የሚደርሰው በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየ5 ቀኑ ገደማ፣ ለ3 ሳምንት ያህል እጠቡ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ እማማ ስልክ አያስፈልጋቸውም፣ በታቦት ነው የሚቆጥሩት። “ልጄ፣ ሚካኤል ዕለት ጀመርኩ፤ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ልደታ” ይሉኛል። ቁጥሩ ሲታይ 12፣ 16፣ 21፣ 27ና 1 ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ቀን እየተራራቀ 19 ቀን ይሸፍናል። ለቀይ ሸረሪት ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ እኔም አላውቅም።

ቅጠል ላይ ውሃ ርጭት ርጭት ማድረግን ብዙ ሰው ይመክራል። ለደቂቃዎች ብቻ ነው የሚያረጥበው፣ ስለዚህ ብዙ አልተማመንበትም። ከዚያ ይልቅ አበባውን ከሚያቃጥለው መስኮት አንድ ሜትር አርቁት፤ ቅጠሉን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉት። አቧራ ያልተቀመጠበት ቅጠል ላይ ቀይ ሸረሪት እንደልቡ አይራባም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ይህ ችግር የሚመጣባት በእነሱ ክረምት፣ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ሲሠራ ነው። አየሩ እንጨት እስኪሰነጠቅ ይደርቃል። ለእሷም ምክሩ ያው ነው፤ አበባውን ከማሞቂያው አፍ ማራቅና ቀጠሮውን መያዝ።

እግረ መንገዴን፣ በአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን በሌላ ሸረሪት ያስበሉታል። ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የምትባል ፍጥረት ናት፤ የእሱኑ ያህል ታንሳለች፣ ምግቧም እሱ ብቻ ነው። እየተገዛች ጽጌረዳው ላይ ትለቀቃለች። ለሳሎን አትሆንም፤ አየሩ ይደርቅባታል፣ የምትበላው ሲያልቅም ትሞታለች። ግን ይህን የምነግራችሁ መርዝ ብቻ መፍትሔ ነው ለሚል ሰው መልስ እንዲሆናችሁ ነው። በንግድ የሚያመርተው ሰው እንኳ ሌላ መንገድ አግኝቷል።

ሳሙናው እንዴት ይዘጋጅ?

ሁሉም “ሳሙና” የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። የምንፈልገው ከዘይትና ከአልካሊ (ኮስቲክ ሶዳ) የተሠራውን ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው፤ ሽታና ቀለም ያልበዛበትን። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽና የልብስ ዱቄቱ ቅባት ለማስለቀቅ የተሠሩ ናቸው። ቅጠሉ ራሱን የሚጠብቅበትን ሰም ያስለቅቁበታል። በረኪና ደግሞ ቅጠሉን ፈጽሞ አይንካው።

ሳሙናውን በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሳሙና፣ ወደ 10 ግራም ይሆናል፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስኪሟሟ አማስሉት። ውሃችሁ ጠንካራ ከሆነ፣ ማለትም ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ፣ ሳሙናው ይቋጠርና ኃይሉ ይቀንሳል። በክረምት የዝናብ ውሃ መያዝ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ባልዲ አወጣለሁ። በበጋ የታሸገ ውሃ አንድ ሊትር ብትገዙም አይከብድም፤ ለአንድ ሊትር መርጫ ይበቃል።

ሳሙናው የሚገድለው እርጥብ ሆኖ ተባዩን ሲነካው ብቻ ነው። ለስላሳውን ገላ ያፈርሰዋል። ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ከላይ ርጭት አድርጎ መሄድ ልፋት ነው። የቅጠሉ ጀርባ እስኪያንጠባጥብ መርጠብ አለበት። ፀሐይ ከወረደ በኋላ ርጩ። ፀሐይ ላይ ከረጫችሁት ቅጠሉ ይቃጠላል። ከደረቀ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና እስከ ነገ ጠብቁ። ፈርን ሳሙና አይወድም። ቅጠላቸው ፀጉራም የሆኑና እንደ ዱቄት ያለ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ቅጠሎችም አይወዱም። ሞንስቴራ፣ ፖቶስ፣ ፊከስና ሎሚ ይችሉታል። ለጤና አዳም፣ ለበሶብላና ለጥብስ ቅጠል መጀመሪያ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ሳሙና ከነካቸው ለምግብ ከመቁረጣችሁ በፊት ደጋግማችሁ እጠቧቸው።

ትንኙና የቡናው አተላ

የክረምቱ ጣጣ ሌላ ነው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲዘጋ አፈሩ መድረቅ ያቅተዋል። አንድ ቀን አበባውን ስታጠጡ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ከፖቱ ብን ይላሉ። ከዚያ ሻይ ስኒ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ በየቦታው ናቸው። የሚበሩት ለሰውም ለአበባም ጉዳት የላቸውም፤ ዕድሜያቸውም ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጉዳቱ አፈሩ ውስጥ ያለው ትላቸው ነው። ገላው ግልጽ፣ ጭንቅላቱ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው። ሻጋታና የበሰበሰ ነገር ይበላል፣ ሲበዛ ደግሞ የአበባውን ቀጫጭን ሥር ይበላል። ትንሽ ችግኝ በዚህ ይሞታል።

ትሉ መኖሩን ማረጋገጫው ድንች ነው። ጥሬ ድንች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍራችሁ ቁረጡና አፈሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስቀምጡት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንስታችሁ ገልብጡት። ትሉ ካለ እዚያ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ድንቹን ከነትሉ ጣሉና አዲስ አስቀምጡ። መመርመሪያም፣ በከፊል መልቀሚያም ነው።

አሁን እማማ ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከእሳቸው ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ቡናው ሦስተኛው ፈልቶ ሲያልቅ የጀበናውን አተላ ሄደው አበባው ሥር ያፈሱታል። የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ የሻይ ቅጠልም፣ የሥጋ እጣቢም እንዲሁ።

“እማማ፣ አተላውን እዚህ አያፍስሱት እንጂ።”

“ማዳበሪያ አይደለም እንዴ ልጄ? ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው።”

ማዳበሪያነቱ እውነት ነው፣ ግን ከበሰበሰ በኋላ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ። ፖት ላይ እንደወረደ ሲደፋ እንደ ክዳን ይጋገርና አፈሩ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ያ ሻጋታ የትንኙ ቀለብ ነው። እማማ አሁን አተላቸውን ግቢው ውስጥ ካለው የዛፍ ጉድጓድ ያፈሱታል። ትንኙ ከቤታቸው የጠፋው ግን አፈሩም ስለደረቀ ነው።

ዋናው መድኃኒት ማድረቅ ነው። ከላይ ያለው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር አፈር እስኪደርቅ ውሃ አትስጡ። በዓይን አትፍረዱ፤ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱት። እርጥበት ከተሰማችሁ ይቆይ። እንቁላሉም ትሉም ደረቅ አፈር ላይ አይኖሩም። ፖቶስና ፊከስ ይህን በደንብ ይችሉታል። ውሃ የሚወዱትን ግን ከታች አጠጧቸው፦ ፖቱን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡትና አውጡት፤ የታችኛው ሥር ይጠጣል፣ ላዩ ደረቅ ይሆናል። ከፖቱ ሥር ያለው ሳህን ላይ ውሃ አይደር።

ታጥቦ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ከአፈሩ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብታለብሱት ትንኟ እንቁላል መጣያ ታጣለች። አሸዋው ጨዋማ እንዳይሆን ደጋግማችሁ እጠቡት።

ለሚበሩት ደግሞ ቢጫ ወጥመድ። ብዙ ነፍሳትን ቢጫ ይስባቸዋል። የሚጣበቀው ቢጫ ወረቀት ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን የሌለበት ግቢ የለም። ከእሱ የመዳፍ ያህል ቁረጡ፣ በሁለቱም በኩል ቫዝሊን ቀቡት፣ በእንጨት አስራችሁ አፈሩ አጠገብ ትከሉት። በሁለተኛው ቀን በጥቁር ነጥብ ይሸፈናል። ጥረጉት፣ እንደገና ቀቡት። ነጭ ዝንብም ይይዝላችኋል። ወጥመዱ ብቻውን ግን ችግሩን አይጨርስም፤ የሚይዘው የሚበረውን ነው። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ስለሚፈጅ ማድረቁንም ወጥመዱንም ከአንድ ወር በፊት አትተዉ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ። በየዕቃ መደብሩ ሞስኪቶ ቢትስ የሚባል ፍርፋሪ ይሸጣል። ውስጡ ያለው የትንኝ ትል የሚገድል ባክቴሪያ ነው፤ ሰውንም የቤት እንስሳንም አይነካም። 4 የሾርባ ማንኪያ በአንድ ጋሎን ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ አጥልሉትና በዚያ ውሃ አጠጡ። ትሉ መብላት አለበት፤ ስለዚህ ይህም ለሦስት ሳምንት ያህል መደጋገም ይፈልጋል።

ጥጥ የመሰለው

ክሮቶን ላይ፣ ወፍራም ቅጠል ባላቸው ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት ጉያ ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ጥጥ አይደለም። በስስ ሰም የተሸፈነ ተባይ ነው። በእንጨት ጫፍ ብትነኩት ይንቀሳቀሳል፣ ስትጨፈልቁት እርጥብ ነው። አንዷ እናት በጥጡ ከረጢት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የሰም ሽፋኑ ውሃም ሳሙናም ያንሸራትታል። ስለዚህ እዚህ ላይ አልኮል ያስፈልጋል።

ከፋርማሲ የሚሸጠው 70 ከመቶ የቁስል አልኮል ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክሩና እያንዳንዱን ነጭ ነገር ንኩት። ወዲያው ነጩ ይሟሟል፣ ሥሩ ያለው ሮዝማ ወይም ቡናማ ገላ ይታያል፤ ያኔ ጥረጉት። በዚህ ሥራ መቸኮል አይቻልም። ጉያውን፣ የአዲሱን ቅጠል ጥቅል፣ የፖቱን ከንፈር ከውስጥ፣ የውሃ መውጫውን ቀዳዳ ሁሉ እዩ። መላ ቅጠሉን በአልኮል አትጠቡት፣ የተነካውን ቦታ ብቻ። ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል ደግሞ ይህን አትሥሩ፤ አልኮል እሳት ይስባል።

በየሳምንቱ ደግሙት። አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳታዩ ካለፈ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በደንብ እየለቀማችሁ አበባው ካልተሻለው ከፖቱ አውጡትና ሥሩን እዩ። አንዳንዱ የሚኖረው ሥር ላይ ነው፤ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያኔ አፈሩን በሙሉ አራግፉ፣ ሥሩን እጠቡ፣ በአዲስ አፈር ትከሉት።

ቅጠላችሁ የሚያጣብቅ፣ ወይም ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር የለበሰ ከሆነ ከእነዚህ መጣጮች አንዱ አለ። ያ ጣፋጭ ፈሳሽ ከተባዩ የሚወጣ ነው፤ ጥቀርሻው ፈሳሹ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ጉንዳን በአበባው ግንድ ላይ ሰልፍ ይዞ ሲወጣ ካያችሁም ተከተሉት። ወደ ተባዩ ይወስዳችኋል። ጉንዳን ለጣፋጩ ሲል ተባዩን ከጠላቱ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ መንገዱን ዝጉበት። ፖቱን ውሃ በያዘ ሰፊ ሳህን መሀል፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ውሃው ፖቱን አይንካ።

የቀሩት

ክሽክሽ አዲስ ለጋ ቅጠል ላይ ይሰበሰባል፤ አረንጓዴም ጥቁርም አለ። ከሁሉም ቀላሉ ነው። ለጋውን ጫፍ በጣታችሁ ሙልጭ አድርጉ፣ በውሃ እጠቡ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ። በረንዳ ላይ ቀይ ባለጥቁር ነጥብ ጥንዚዛ ካያችሁ ተዉት። ክሽክሽ ነው የሚበላው።

ነጭ ዝንብ ቅጠሉን ስትነኩት ብን ይላል። ጠዋት ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት አይፈጥንም፤ ያኔ ሳሙናውን ከሥር ርጩ። ቢጫው ጀሪካን እዚህም ይሠራል።

ቅርፊት የመሰለው ተባይ ፊከስና ሎሚ ይወዳል። ግንዱና የቅጠሉ አከርካሪ ላይ ቡናማ እብጠት ሆኖ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ የግንዱ አካል ይመስላል። በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ከተነሳ ተባይ ነው። ጋሻ ስላለው ርጭት አይገባውም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ መፋቅ ነው። ጋሻ ያላበቀሉት ልጆቹ ግን በሳሙና ይሞታሉ፤ ከፋቃችሁ በኋላ በየሳምንቱ ርጩ።

ትሪፕስ የሚባለው ቀጭንና ጥቃቅን ተባይ ከባድ ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ከዕድሜው ከፊሉን አፈር ውስጥ ስለሚያሳልፍ ቅጠል ማጠብ ብቻ አይበቃም። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቀሪውን እጠቡ፣ ከታች የምነግራችሁን ኒም ጨምሩበት።

ኒም፣ ሚጥሚጣ፣ አመድ

ድሬዳዋ የሄደ ሰው የኒምን ዛፍ ያውቀዋል፤ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ኃይሉ ያለው ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ላይ ነው። ዘመድ ካላችሁ የበሰለውን ፍሬ ሥጋ አጥቦ ዘሩን ጥላ ላይ እንዲያደርቅላችሁ ንገሩት። የዘሩን ልብ 50 ግራም ያህል ውቀጡ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፣ ትንሽ ሳሙና ጨምራችሁ በዚያው ቀን ማታ ርጩት። ብርሃን ስለሚያበላሸው ማቆየት ዋጋ የለውም። ለዚህ የተጠቀማችሁበትን ሙቀጫ ለምግብ አትመልሱት። የተዘጋጀ የኒም ዘይት ካገኛችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ነው፤ በየጊዜው መነቅነቅ አለበት።

ኒም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ተባዩ እንዳይበላ፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። በማግስቱ ሬሳ አትጠብቁ፤ አንድ ሳምንት ስጡት። ሽታው ይከብዳል፣ መስኮት ክፈቱ። ተፈጥሯዊ ነው ተብሎም ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥም። ሕፃን ቢጠጣው አደገኛ ነው።

ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት በጥብጠው የሚረጩ አሉ። እኔ አልመክርም። ውጤቱ አንድ ቀን ያዝ አንድ ቀን ለቀቅ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። አመድም ለእርሻና ለጎተራ የሚሆን ጥበብ ነው። ትንሽ ፖት ውስጥ አፈሩን ጨዋማና አልካሊ ያደርገዋል፣ ሥሩን ይጎዳል። እንዶድ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰውም አለ። እንዶድ እንደ ሳሙና አረፋ እንደሚያወጣ እናቶቻችን ያውቃሉ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መጠኑ ለቤት አበባ አልተለካም፤ ለልጆችም መርዛማ ነው። ሳሙና እያለ አያስፈልገንም።

ከበር ላይ

አብዛኛው ተባይ በራችንን የሚያልፈው አዲስ ከገዛነው አበባ ጋር ነው። መንገድ ዳር ካለው ችግኝ ሻጭ ስትገዙ አፍራችሁ አትመለሱ፤ ቅጠሉን ገልብጡ፣ ጉያውን እዩ፣ ነጩን ወረቀት ከቦርሳችሁ አውጡ። ቤት ስታስገቡት እጠቡትና ከሌሎቹ ለይታችሁ 3 ሳምንት ሌላ ክፍል አቆዩት። የተጣለ እንቁላል ካለ እስከዚያ ይፈለፈላል፣ ታዩታላችሁ። የታመመውን ነክታችሁ ጤነኛውን አትንኩ፤ ጤነኞቹን መጀመሪያ አጠጡ፣ የታመመውን መጨረሻ።

ሁሉም አይድንም። ቀጠሮውን ሙሉ ጠብቃችሁ ከግማሽ በላይ ቅጠሉ የረገፈ አበባ ካለ፣ ሌሎቹን ከማስያዙ በፊት መጣል ይሻላል። ፖቶስ ከሆነ ግን ጤነኛ ጫፍ ፈልጉ። ከአንጓው በታች ቁረጡ፣ በሳሙና ውሃ አላቁጡት፣ አለቅልቁና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። አሮጌውን አፈር ለሌላ ፖት አትጠቀሙበት። ፖቱን በሳሙና ፍቁ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት፣ በደንብ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ብርጭቆው ውስጥ ያለውንም ቁራጭ ቢሆን ወደ መስኮቱ ከመመለሳችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት።